የአባቴ የግለ ሂስ ደብተር፤ ፖለቲካ ነበር ወይስ ሃይማኖት?

የዲያቆኑ ልጅ (ጠያቂ)

ለሁላችሁም ሰላም ይሁን። እስከ ዛሬ እዚህ የምትጽፉትን ሳነብ ቆየሁ እንጂ አንድ ቃል ጽፌ አላውቅም። አሁን ግን ብቻዬን ልይዘው ያልቻልሁት ነገር እጄ ገብቷል። ዘመኑን በዓይናችሁ ያያችሁ ካላችሁ እንድትረዱኝ እለምናለሁ።

አባቴ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ዐረፈ። ቢቸና አካባቢ ተወልዶ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ቅኔ ቤት ገብቶ፣ በልጅነቱ ዲቁና የተቀበለ ሰው ነበር። ከዚያ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባ። በ1967 ከዕድገት በኅብረት ዘማቾች አንዱ ሆኖ ወደ ሲዳሞ ወረደ። ሲመለስ አዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠረ፤ በ1970 ታስሮ በ1973 ተፈታ። የቀረውን ዕድሜውን የጂኦግራፊ መምህር ሆኖ ኖረ። እኔ የማውቀው ይህን የመጨረሻውን አባት ነው። ራዲዮ ዜና ሲጀምር ድምፁን ይቀንሳል። በሰፈራችን ሰልፍ ሲያልፍ ተነሥቶ መስኮቱን ይዘጋል። ስለ እስሩ ስንጠይቀው «የዘመኑ ነገር ነው» ይልና ዝም ይላል። ዘመዶቻችን ደርግን በኅቡዕ ይዋጋ የነበረው የኢሕአፓ አባል ነበር ይሉናል፤ እኛም ያንን አምነን አደግን።

ልብሱን ለነዳያን ልናከፋፍል የቆርቆሮ ሳጥኑን ስንከፍት ከዳዊቱ ሥር አንድ ሰማያዊ ደብተር ተገኘ። ሽፋኑ ላይ በራሱ የእጅ ጽሑፍ «ግለ ሂስ» ይላል። የተጻፈው ከጥቅምት እስከ ሰኔ 1969 ነው። እያንዳንዱ ገጽ ቀን አለው፤ ግርጌው ላይ ፊርማው አለ። ጥቂቱን እንደ ወረደ ልገልብጥላችሁ።

«ኅዳር 14። እሑድ ዕለት እናቴ ለሚካኤል ንግሥ ከሀገር ቤት መጥታ ስለ ነበር ጥናቱን ትቼ ከእርሷ ጋር ዋልሁ። ይህ የንዑስ ከበርቴ ስሜት መሆኑን ተረድቻለሁ። ጓዶች ሂስ አድርገውኛል፤ ተቀብያለሁ።»

«ታኅሣሥ 17። ምሳ ስንበላ ሳላስበው አማተብሁ። አንድ ጓድ አይቶ በስብሰባው ላይ አነሣው። ለአንድ ወር አዳራሹን እንድጠርግ ተወስኖብኛል። ውሳኔው ትክክል ነው።»

«የካቲት 20። ጓድ መ. ሰው ያለ ፍርድ መግደል በየትኛው መጽሐፍ ተጽፏል ብሎ ጠየቀ። አናርኪስት መሆኑ ተገለጠ። በሙሉ ድምፅ ተወገደ፤ ማንም ሰላም እንዳይለው ተወሰነ። እኔም እጄን አውጥቻለሁ።»

ከዚህ በታች ሁለት መስመር በቀለም ተሠርዟል። ደብተሩ ውስጥ የተሠረዘ ነገር ያለው እዚህ ቦታ ብቻ ነው።

እኔም በቤተ ክርስቲያን ሥር ነው ያደግሁት። ደብተሩን ሳነብ ደጋግሞ የመጣብኝ የንስሐ ነገር ነው። ኑዛዜ አለው። ቀኖና አለው፤ ያ አዳራሽ መጥረግ ከስግደት በምን ይለያል? ውግዘት አለው። ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ አባቴ ሃይማኖቱን ትቶ ነበር ወይስ ያንኑ ሃይማኖት ይዞ ቤት ብቻ ለወጠ? ይህስ የእርሱ ክበብ ጠባይ ነበር ወይስ የዘመኑ ሁሉ? በአባቴ ላይ ለመፍረድ አይደለም የምጠይቀው። ሊነግረኝ ፈልጎ ሳይነግረኝ የሄደው ነገር ያለ ስለ መሰለኝ ነው።


የክበብ አባል የነበርሁ

ልጄ፣ ነፍስ ይማር። ደብተሩን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ የእኔ የእጅ ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ አይገርመኝም ነበር።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላርምልህ። ይህ ደብተር የኢሕአፓ አባል ደብተር አይደለም። ኅቡዕ ድርጅት ውስጥ ያለ ሰው ቀንና ፊርማ ያለበት ወረቀት ቤቱ አያስቀምጥም። በዚያ ዓመት የኢሕአፓ ልሳን የነበረው የዴሞክራሲያ አንድ ቅጠል ኪስህ ውስጥ መገኘቱ ሕይወትህን ያስከፍልህ ነበር። በሚያዝያ 1968 የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ሲታወጅ የሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ እኛ በአጭሩ «ሕዝብ ድርጅት» እንለው ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። ብዙዎቹ አስተማሪዎቻችን ያኔ ከደርግ ጋር ይሠራ የነበረው የመኢሶን ሰዎች ነበሩ። አባትህ ከእኛ ወገን ነበር ማለት ነው። በነሐሴ 1969 መኢሶን ከደርግ ተለይቶ ኅቡዕ ሲገባ ትናንት ኢሕአፓን አናርኪስት ስንል የነበርን እኛ ቀኝ መንገደኞች ተባልን። አባትህ በ1970 የታሰረው በዚህ ይመስለኛል። ደብተሩን ደግመህ እየው፤ ሕዝብ ድርጅት የሚል ቃል አንድ ቦታ ሳይኖር አይቀርም።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። እኔ ያደግሁት እንጦጦ ግርጌ ነው፤ አያቴ ቄስ ነበሩ። የክበባችን አዳራሽ ግድግዳ ላይ ማርክስ፣ ኤንግልስና ሌኒን ጎን ለጎን ተሰቅለው ነበር። ሦስት ፊት፣ ሦስት ጢም። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ሥላሴ በሦስት አረጋውያን መልክ ሲሣሉ እያየ ላደገ ልጅ ይህ ምን እንደሚመስል ልነግርህ አያስፈልገኝም። ያኔ ግን ይህን የሚናገር አልነበረም፤ እኔ ራሴም ያሰብሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከሞስኮ ፕሮግረስ አሳታሚ ታትመው የሚመጡ መጻሕፍት ነበሩን። ክርክር ሲጠነክር አንዱ ተነሥቶ «ሌኒን በዚህ ገጽ እንዲህ ብሏል» ካለ ክርክሩ በዚያው ያበቃል። አያቴ «መጽሐፍ እንዲህ ይላል» ሲሉ ቤቱ እንደሚጸጥ ነበር። ስብሰባው በመፈክር ተከፍቶ በመፈክር ይዘጋል፤ ግራ እጅ ተጨብጦ ወደ ላይ ይወጣል። መስከረም 2 የአብዮት በዓል፣ የመስቀል አደባባይም አብዮት አደባባይ ሆነ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ሄጄ ነበር። ሞስኮ ላይ የሌኒንን አስከሬን ለማየት ተሰለፍን። ተራችን ደርሶ ስንገባ ባርኔጣ ይወልቃል፣ እጅ ከኪስ ይወጣል፣ ድምፅ አይሰማም። አንዲት አሮጊት ከፊቴ እየሄደች ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። እግዚአብሔር የለም ባለ አገር ውስጥ ምን እያለች እንደ ነበር እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ግን ልጄ፣ አደራ፣ አባትህን እንደ ተታለለ ሰው ብቻ አትየው። እኛ ያመንነው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ እኔ ዘመቻ ላይ አርሲ ነበርሁ። አዋጁን ለገበሬዎች ስናነብ አንድ ሽማግሌ ጭሰኛ ሦስት ጊዜ ተነሥተው አንድ ጥያቄ ጠየቁን፦ «ለፋሲካ ማሩን ለማን ልውሰድ?» ከእህሉ እኩሌታ ሌላ በየዓመቱ በዓሉ በመጣ ቁጥር ለባለ መሬቱ ማር ይወስዱ ነበር። ለማንም አይወስዱም፣ የራስዎ ነው ስንላቸው አላመኑንም። በሦስተኛው ጊዜ ተቀመጡና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ይህን በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ያየ ልጅ ያንን አዋጅ ላመጣው ነገር ሁሉ ነፍሱን ይሰጣል። እኔ ዛሬም በዚያ ቀን አላፍርም።

የማፍረው በሌላው ነው። በሚያዝያ 1969 የደርግ ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን ሲሰብር ክበባችን ተሰልፎ ነበር። ጮኽን። እኔም ጮኽሁ። በክበባችንም እንዲሁ ሰው ሲወገድ እጄን አውጥቻለሁ፤ አንድ ጊዜ አይደለም። እጁን ያላወጣ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ራሱ ይነሣል። ቃለ ጉባኤው በካርቦን ይጻፍ ነበር፤ አንዱ ቅጂ ከእኛ ዘንድ ወጥቶ ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም። ያወቅሁት እኔ ራሴ በ1970 ተይዤ መርማሪው ፊት ስቀርብ ነው። ከፋይሉ አውጥቶ ያነበበልኝ የራሴን ግለ ሂስ ነበር፤ በእሑድ ከሰዓት በኋላ ለጓዶቼ በንጹሕ ልብ የተናገርሁትን፣ ቃል በቃል።

የተሠረዘውን መስመር ከወረቀቱ ጀርባ በፀሐይ ብርሃን አይተኸዋል?


የቅኔ ቤት ሰው

ለጠያቂው እግዚአብሔር ያጽናህ፤ ለጋሼም ይህን ስለ ተናገሩ ምስጋና ይድረስዎ። እኔ በዘመኑ ሕፃን ስለ ነበርሁ የማውቀውን በቃላቱ በኩል ልናገር።

የዚያ ዘመን ፖለቲካ የተናገረው በግእዝ ነው። አብዮት ማለት አበየ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ እምቢ ማለት ነው። ርዕዮተ ዓለም የሚለው ከርእየ ነው፤ የዮሐንስ ራእይ ከምንለው ራእይ ጋር አንድ ሥር አለው። ሰማዕት በግእዝ ምስክር ነው፤ ሲያስፈልግ በደሙ የመሰከረ። በታኅሣሥ 1962 ጥላሁን ግዛው ሲገደል ተማሪዎቹ ሰማዕት አሉት፤ ከዚያ ወዲህ እርስ በርሱ የተገዳደለው ድርጅት ሁሉ የየራሱን ሙት ሰማዕት እያለ እስከ ዛሬ ይጠራል። ይህን በማስመሰል የመጣ አድርጌ አላየውም። አዲስ ቃል የሚያወጣ ሰው ከግእዝ ጎተራ በቀር ከየት ይቅዳ? ቃሉ ግን ባዶውን አይመጣም። ሰማዕት ያልኸውን ሰው ተሳስቶ ይሆን ብለህ መጠየቅ አትችልም፤ ቃሉ ራሱ አፍህን ይይዝሃል።

ደግሞም ሀገራችን ፖለቲካን ከቅዳሴ ለይታ አታውቅም ነበር። በ1909 መስቀል ዕለት ልጅ ኢያሱ የወረዱት መኳንንቱ ስለ ዶለቱ ብቻ አይደለም፤ አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከመሐላው ስለ ፈቱት ነው። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ተቀቡ ሰውነታቸው የተቀደሰ መሆኑን በሕግ አንቀጽ ደንግጓል። እንግዲህ በመስከረም 1967 ያ ዙፋን ሲነሣ የተነሣው ወንበር ብቻ ነው? ሕዝቡ ወደዚያ አቅጣጫ መስገድ ለምዶ ነበር። አብዮት ታቦት በነበረበት ቦታ ገባ። ይህን ስል ቃሉ ቤት ስለ መታልኝ አይደለም፤ ሰው ሲያልፍ አንገቱን የሚደፋበት፣ ስሙን በከንቱ የማይጠራው፣ በፊቱ ጫማ የሚያወልቅለት ነገር ሆነ ማለቴ ነው።

አሁን ግን ከጠያቂው ጋር የምለያይበት አለ። አባትህ ቤት ብቻ አልለወጠም። ንስሐ በአንድ ካህን ጆሮ ነው። ያ ካህን የሰማውን ቢያወጣ ክህነቱን ያጣል። ቀኖናህን ስትጨርስ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይልሃል፤ ከዚያ በኋላ ያ ኃጢአት እንደ ገና አይጠየቅም፣ በፋይል አይቀመጥም። ካህኑም ራሱ የንስሐ አባት አለው፤ ጳጳሱም አለው። የተወገዘም ቢመለስ ይፈታል። በአባትህ ደብተር ውስጥ ኑዛዜው ሁሉ አለ፤ «ተቀብያለሁ»፣ «ትክክል ነው» ይላል፤ ይፍታህ የሚል ግን አንድ ቦታ የለም። ጋሼ እንደ ነገሩንም በጓዶች ፊት የተነገረው ከመርማሪ ጠረጴዛ ላይ ተገኘ። የካድሬውንስ ኑዛዜ ማን ሰማው? ከሃይማኖት የወሰዱት ማሰሪያውን ነው፤ መፍቻውን ትተውታል። ስለዚህ ሃይማኖት ነበር ማለት ይከብደኛል፤ ፖለቲካ ብቻ ነበር ማለትም ይከብደኛል።


የደሴ ልጅ

ወንድሜ የዲያቆኑ ልጅ፣ አላህ ያጽናህ። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ስለ ቄስና ስለ ዲያቆን ስለ ሆነ ከእኛም ቤት ጥቂት ልበል።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሙ ለእኩልነት ሰልፍ ሲወጣ አጎቴ ከሰልፈኞቹ አንዱ ነበር። ብዙ ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተዋል። አብዮቱ መጥቶ ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሲሆኑ አባቴ ሱቁን ዘግቶ፣ አዲስ ጀለቢያ ለብሶ በከተማው መካከል ዞረ። ልብ በሉ፤ የተቀባ ንጉሥ በነበረበት ዘመን እኛ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ነበርን። ስለዚህ የቅኔ ቤቱ ወንድሜ ዙፋኑ ሲነሣ ቦታው ባዶ ሆነ ሲል፣ ለእኛ ያ ባዶ ቦታ መተንፈሻ ነበር። ይህ እንዲረሳ አልፈልግም።

ታላቅ ወንድሜ ግን በዚያው ሰሞን ሶላቱን ተወ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እናቴ ሐሙስ ሐሙስ ጎረቤት ሰብስባ ወዳጃ ታደርግ ነበር፤ ቡና ይፈላል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ ዱዓው ይደረጋል፣ የታመመ ሰው ይጸለይለታል። ወንድሜ አድኃሪ ልማድ ነው ብሎ ጀበናውን ከፊቷ አነሣ። ከዚያ እሑድ እሑድ ጓደኞቹን ያንኑ ክፍል አስገብቶ ማጥናት ጀመረ። ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ያነባል፤ ሌሎቹ በአንድ ቃል ይመልሳሉ፤ ቡናውንም የምታፈላው እናቴ ነበረች። አንድ ቀን ሲኒ ስታድል ሳለ «ልጄ፣ ይህም ወዳጃ ነው፤ የታመመ የሚጸለይለት የለም እንጂ» አለችው። ሳቀባት። በአርባ ስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ያልጠቀስሁበት ወር የለም።

እናቴ እውነቷን ነው። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ ከሃይማኖት ስለ ወረሰው ነው ማለትን አልቀበልም። ወንድሜ በእሑድ ጥናቱ የጎዳው ሰው ቢኖር እናቴን ብቻ ነው፤ እርሷም ይቅር ብላዋለች። ሰው መሞት የጀመረው ያ ጥናት ቀበሌ ሲገባ፣ እስር ቤትና ጠመንጃ ሲሰጠው ነው። የእኛ ቀበሌ ሰብስቦ ራሳችሁን አጋልጡ ያለ ጊዜ በአዳራሹ በር ላይ የቆሙት ልጆች የታጠቁ ነበሩ። አዲሱ እምነት ሥልጣኑን ሲይዝ ደግሞ ሌላ እምነት አጠገቡ እንዲቆም አልፈቀደም። አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ተገደሉ። የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው በ1971 ከመንገድ ተወስደው ተገደሉ። እኔ ሙስሊም ሆኜ የሁለቱንም ስም የማነሣው ሰው እምነቱን በመያዙ ሲገደል የማንም ሃይማኖት ቢሆን ስለሚያመኝ ነው።

ወንድሜ በ1970 ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። ከየትኛው ወገን ጋር እንደ ነበረ እንኳ በውል አናውቅም። አስከሬኑ ሳይኖር ሰገድንበት። ያን ዕለት እናቴ ጀበናውን መልሳ አወጣች።


ከሜሪላንድ

አጭር ነገር ልጨምር። እዚህ አሜሪካ ለሃያ ሰባት ዓመት ያየነው ነገር የዚህ ጀርባ ነው። ፓትርያርኩ አቡነ መርቆሬዎስ ከተሰደዱ በኋላ ሲኖዶሱ ሁለት ሆነ። አንድ ደብር በሀገር ቤቱ ሲኖዶስ ሥር ነበር፣ አንዱ በስደተኛው፣ ሌላው ገለልተኛ ነበር። አያቴ ስትሞት ፍትሐት ለማስደረግ ስንሄድ በር ላይ የተጠየቅነው የአያቴ የክርስትና ስም አይደለም፤ የየትኛው ሲኖዶስ ሰዎች ናችሁ ተባልን። ጥያቄው የፖለቲካ መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። በሐምሌ 2010 እዚሁ ዋሽንግተን ዕርቅ ወርዶ ሁለቱ አንድ ሲሆኑ አባቴ መኪና ውስጥ ተቀምጦ አለቀሰ።

ግለ ሂሱም ያለፈ አይምሰላችሁ። ዛሬ አንድ ዘፋኝ ወይም ጋዜጠኛ የወገኑን መስመር አንድ ቃል ሲስት ስልኩን ፊቱ ላይ አቁሞ ይቅርታ ሲጠይቅ እናያለን። ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየት ከሃዲ የሚል ነው። ከሃዲ የማን ቃል ነው? ይህን ልጆች ያሏችሁ አስቡበት፤ እኔ ሁለት አሉኝ።


የዲያቆኑ ልጅ (ጠያቂ)

ጋሼ፣ እህቴ፣ ሁላችሁም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልስ ለመጻፍ አራት ቀን የፈጀብኝ ዝም ብዬ ስላልተቀመጥሁ ነው።

ጋሼ እንዳሉት ደብተሩን ደግሜ አየሁት። ከኋላ ሽፋኑ ውስጥ በእርሳስ «ቅጂ ለሕዝብ ድርጅት ተሰጥቷል» ይላል፤ ከሥሩ ሦስት ቀን ተጽፏል። ከሦስቱ አንዱ የካቲት 22 ነው። ስለዚህ አባቴ ኢሕአፓ አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው የነገርሁት ታሪክ የሌላ ሰው ታሪክ ነው። ለእናቴ ስነግራት አልገረማትም። «እኔ አውቃለሁ፤ ሰው ኢሕአፓ ነበር ሲለው ዝም የሚለው ያኛው ስም ስለሚሻለው ነበር» አለችኝ።

የተሠረዘውን በመስኮት ብርሃን አየሁት። የላይኛው መስመር አይነበብም፤ ብዕሩ ወረቀቱን እስኪቀድ ተጭኖታል። የታችኛው ይነበባል፦ «ከቢቸና አብረን ነው የመጣነው።»

ለእናቴ ይህን ሳነብላት ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ተመልሳ የነገረችኝን እነሆ። አባቴ በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት፣ በየካቲት፣ ጧፍና ዕጣን ገዝቶ ብቻውን ቤተ ክርስቲያን ይሄድ ነበር። እኛ ልጆቹ የምናስታውሰው ያን ቀን ነጠላ አጣፍቶ መውጣቱን ብቻ ነው። ለካህኑ የሚሰጠው ቁራጭ ወረቀት ነበረው፤ በላዩ ወልደ ጊዮርጊስ የሚል የክርስትና ስም ተጽፎበታል። በቤተ ዘመዶቻችን ውስጥ በዚህ ስም የሞተ ሰው የለም። እናቴ አንድ ጊዜ ማን ነው ብትለው «ቅኔ ቤት ሳለን አብሮኝ ቁራሽ የለመነ ልጅ ነው» አላት። ሁለተኛ አልጠየቀችውም።

የኔታ፣ ይፍታህ የሚል ቃል በደብተሩ ውስጥ የለም ብለው ነበር። ደብተሩ ከዳዊቱ ሥር ለምን እንደ ተቀመጠ ይህን ከሰማሁ በኋላ ሌሊቱን ሳስብ አደርሁ። ፍትሐቱን ለጓደኛው ያስደርግ ነበር፤ ለራሱ አስደርጎ እንደ ሆነ አላውቅም። የንስሐ አባቱን ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን እርስዎ እንዳሉት እርሳቸው አይነግሩኝም፣ ልጠይቃቸውም አይገባኝም።

እህቴ የደሴ ልጅ፣ የወንድምሽን ነገር ሳነብ የአባቴን እጅ አየሁ። ምን እንደምልሽ አላውቅም፤ እናትሽን አላህ ይማርልሽ።

አንድ ልመና ብቻ ቀርቶኛል። ከቢቸና ወይም ከአካባቢው የወጣ፣ ቅኔ የተማረ፣ የዓለም ስሙ በ«መ» የሚጀምር፣ የክርስትና ስሙ ወልደ ጊዮርጊስ የሆነ፣ በ1969 አዲስ አበባ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረና ከየካቲት ወዲህ የጠፋባችሁ ሰው ካለ፣ እባካችሁ እዚሁ ጻፉልኝ። ያን ቀን ሰው ያለ ፍርድ አይገደልም ብሎ ስለ መናገሩ በእጅ የተጻፈ ማስረጃ እኔ ዘንድ አለ። በፈለጋችሁት ቀን፣ በፈለጋችሁት ቦታ ይዤው እመጣለሁ።